ፋውስቶ ኮፒና የዳገት ጓደኞቹ

እሑድ ማለዳ በሳሪስ የቆመ ሰው፤ ወደ ቃሊቲና ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ወጣት ቢስክሌተኞች አንዱ የሌላውን ጀርባ ተከትለው ሲያልፉ ሊያይ ይችላል። ሲሄዱ መንገዱ ወደ ቁልቁል ስለሚያዘነብል ይቀላቸዋል፤ ሲመለሱ ግን ዳገቱ ይጠብቃቸዋል። ያን ጊዜ ከፊት ያለው ነፋሱን እየሰበረ ለኋለኞቹ መንገድ ይከፍታል፤ እርሱ ሲደክመውም ሌላው ይተካዋል። ይህን ያየ ሁሉ የቢስክሌት እሽቅድምድም የአንድ ሰው ጉልበት ብቻ አለመሆኑን ያስተውላል። ስለዚህ ዛሬ ብቻውን በመቅደሙ ዓለም ያደነቀውን፤ ነገር ግን በጓደኞች መካከል የሠለጠነውን የኢጣልያዊውን የፋውስቶ ኮፒን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። ዘመኑን የምንቈጥረው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ኮፒ በሰሜን ኢጣልያ፤ በፒየሞንቴ ክፍል፤ ካስቴላንያ በምትባል የኮረብታ መንደር ሴፕቴምበር 15 ቀን 1919 ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። በ13 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ኖቪ ሊጉሬ በምትባለው ከተማ በአንድ ሥጋ ቤት ተቀጠረ። ሥራውም ለደንበኞች ሥጋ በቢስክሌት ማድረስ ስለ ነበረ፤ እግሩ አስቀድሞ የጠነከረው በዚሁ ነው።

በዚያች ከተማ ቢያጆ ካቫና የሚባል ዓይኑ የጠፋ የስፖርት ወጌሻ ይኖር ነበር። ካቫና የብላቴናውን ሰውነት በእጁ ዳስሶ ተስፋ ያለው መሆኑን ዐወቀ። ይህ ሰው ወጣት ቢስክሌተኞችን እየሰበሰበ እንደ አዳሪ ተማሪ ቤት ያለ የልምምድ ቦታ አቋቋመ። ወጣቶቹ አብረው ይበላሉ፤ በጊዜ ይተኛሉ፤ ማለዳ ተነሥተው በአካባቢው ኮረብቶች ላይ በጓድ ይወጣሉ፤ ይወርዳሉ። ሲመለሱም ካቫና እግራቸውን እየዳሰሰ ማን እንደ ሠራና ማን እንደ ሰነፈ ለይቶ ያውቅ ነበር ይባላል። ኤቶሬ ሚላኖና ሳንድሪኖ ካሬያ ከዚህ ቤት ወጥተው ኋላ የኮፒ ታማኝ ረዳቶች ሆነዋል።

ኮፒ በ1940 የስመ ጥሩው የጂኖ ባርታሊ ረዳት ሆኖ በኢጣልያ ዙሪያ ውድድር ገባ። ባርታሊ ወድቆ ቢጎዳ፤ የ20 ዓመቱ ረዳት ራሱ አሸናፊ ሆነ። ውድድሩ ባለቀ ማግስት ኢጣልያ ወደ ጦርነቱ ገባች። በ1942 ሚላኖ በቦምብ ስትደበደብ፤ በዚያችው ከተማ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ45 ኪሎ ሜትር በላይ በመሄድ አዲስ ክብረ ወሰን አቆመ። በኋላ ወደ ሰሜን አፍሪካ ዘምቶ በ1943 በቱኒዚያ በእንግሊዞች እጅ ተማረከ፤ ወደ አገሩ የተመለሰውም በ1945 ነው።

ከጦርነቱ በኋላ የታየው ኃይል ግን አስደናቂ ነበር። በ1946 ከሚላኖ እስከ ሳን ሬሞ በተደረገው ውድድር ሁለተኛውን በ14 ደቂቃ ቀደመ። በ1949 ከኩኔዎ ወደ ፒኔሮሎ በሚወስደው የተራራ መንገድ ላይ 192 ኪሎ ሜትር ብቻውን ነድቶ፤ አምስት ከፍተኛ ተራሮችን አቋርጦ፤ ባርታሊን 12 ደቂቃ ያህል አስቀረው። በዚያው ዓመት የኢጣልያንና የፈረንሳይን ዙሪያ ውድድሮች በአንድነት በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ በ1952ም ደገመው። የኢጣልያን ዙሪያ አምስት ጊዜ አሸንፏል። በ1953 ደግሞ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ይህ ሁሉ ድል የረዳቶቹም ድካም ነበር። በቡኸንቫልድ የጀርመኖች የእስረኞች ሰፈር መከራ ያየው ካሬያ፤ በ1952 በፈረንሳይ ዙሪያ የኮፒን ተቀናቃኞች ለመጠበቅ ብሎ ከቀዳሚዎቹ ጋር ቢሄድ፤ ሳያስበው የመሪነቱን ቢጫ ማልያ አገኘ። ደስ በማለት ፈንታ አለቃዬን በደልሁ ብሎ አለቀሰ። በማግስቱ ኮፒ የአልፕ ዱዌዝን ዳገት ቀድሞ ወጥቶ ማልያውን ተረከበ።

ኮፒ ኀዘንና ነቀፋም አልቀረለትም። በ1951 ወንድሙ ሴርሴ በውድድር ላይ ወድቆ፤ ተነሥቶም ከጨረሰ በኋላ፤ በዚያው ቀን ሞተ። በ1954 ኮፒ ትዳሩን ትቶ ከባለ ትዳር ሴት ጋር ስለ ኖረ አገሩ ሁሉ ተነሣበት፤ ፍርድ ቤትም አቀረበው። በዚያ ዘመን ገና ያልተከለከለውን አነቃቂ መድኃኒት መውሰዱንም አልደበቀም።

በዲሴምበር 1959 ኮፒ ከፈረንሳዊው ወዳጁ ከራፋኤል ዤሚኒያኒና ከሌሎች ቢስክሌተኞች ጋር ለውድድርና ለአደን ዛሬ ቡርኪና ፋሶ ወደምትባለው ወደ ላይኛው ቮልታ ሄደ። ሁለቱ ወዳጆች በአንድ ክፍል ሲያድሩ የወባ ትንኝ ነደፈቻቸው። ወደየአገራቸው ሲመለሱም ሁለቱም ትኩሳት ያዛቸው። የዤሚኒያኒ ደም ተመርምሮ ወባ መሆኑ ስለ ታወቀ በኪኒን ዳነ። የኮፒ ሐኪሞች ግን ሕመሙን የሳንባ ነው ብለው ያክሙት ነበር። ከፈረንሳይ የዤሚኒያኒ ቤተ ሰቦች ስልክ ደውለው ወባ ነው ቢሉም ሰሚ አላገኙም እየተባለ ይነገራል። ኮፒ ጃንዋሪ 2 ቀን 1960 በቶርቶና ሆስፒታል በ40 ዓመቱ ዐረፈ። ዤሚኒያኒ ግን በ2024 በ99 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ኖረ።

በአገራችን በ1958 የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል፤ ስለዚህ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ሲያተኵሰው መጀመሪያ ምን እንደሚጠረጠር ሕዝባችን ያውቃል። ኮፒን የገደለው የመድኃኒት እጦት አይደለም፤ ከእርሱ ጋር የሄደው ጓደኛው በሽታ ምን እንደ ሆነ ታውቆ ሳለ፤ ያንን ቃል የሚቀበል መጥፋቱ ነው። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚለው የአባቶቻችን ተረት በእርሱ ላይ ቃል በቃል ደረሰ። በሳሪስ ዳገት ተራ በተራ ነፋስ የሚሰብሩት ወጣቶችም ከእሽቅድምድሙ ይልቅ ይህን ቢይዙ ይበልጥ ይጠቀማሉ፤ ከፊት የሚሄድ ሰው ከኋላ የሚጠራውን ድምፅ መስማት አለበት።