አነሊዘ ሚሼል፦ ከፊልሙ በስተጀርባ ያለችው ልጅ

“ዘ ኤግዞርሲዝም ኦፍ ኤሚሊ ሮዝ” የተባለውን ፊልም የአገራችን የቪዲዮ ቤት ደንበኛ በደንብ ያውቀዋል። ስኮት ዴሪክሰን የተባለ አሜሪካዊ ዳይሬክተር በ2005 (ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለሲኒማ አቀረበው፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ በዲቪዲ ወጣ። ቅጂው እንደተለመደው ዞሮ ዞሮ ነቀምቴ ደረሰ፤ ከነቀምቴም በበደሌ መንገድ ተሻግሮ አርጆ ገባ። ጋኔን ስለያዛት ልጅ የሚያወራ ፊልም በወለጋ ከተሞች ተመልካች አያጣም። ከፊልሙ በኋላ የሚነሳው ክርክርም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ጋኔኑ እውነት ነው ወይስ ልጅቷ ታማ ነው?

እኔ የሕግ ተማሪ ስለነበርኩ የሚከነክነኝ ሌላ ነው። በፊልሙ ውስጥ የተከሰሱት ቄሱ ብቻ ናቸው። በእውነተኛው ችሎት ግን አራት ሰዎች ቆመዋል። ከአራቱ ሁለቱ የልጅቷ እናትና አባት ነበሩ።

ልጅቷ አነሊዘ ሚሼል ትባላለች። መስከረም 1952 በጀርመን ባቫሪያ ግዛት ተወለደች። ያደገችው ክሊንገንበርግ በምትባል፣ ማይን በተባለው ወንዝ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ነው። አባቷ የእንጨት መሰንጠቂያ ነበራቸው። ቤተሰቡ አጥባቂ ካቶሊክ ነበር፤ ቅዳሴ የማይታለፍበት፣ መቁጠሪያ ከእጅ የማይለይበት ቤት። አነሊዘም ጎበዝ ተማሪ ነበረች።

በ1968፣ በ16 ዓመቷ፣ ራሷን ስታ ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ። በማግስቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነች። ከዓመት በኋላ ሲደገምባት ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ በኋላም የሚጥል በሽታ መሆኑ ተነገራት። ዲላንቲን፣ ቆየት ብሎም ቴግሬቶል ታዘዘላት። መድኃኒቱ ግን ሁሉን አላቆመላትም። ስትጸልይ አስፈሪ ፊቶች ይታዩዋት ጀመር። የተረገመች መሆኗን የሚነግሯት ድምፆችም ተከተሉ፤ ጭንቀቱም እየበረታ ሄደ። ያም ሆኖ በ1973 ዩርዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ለመምህርነት መማር ጀመረች። ይህን ፊልሙን ያዩ ሰዎች ይረሱታል፦ አምስት ዓመት ከበሽታው ጋር እየታገለች ትምህርቷን ያልተወች ልጅ ናት።

አርጆን የሚያውቅ ሰው የበሽታውን መልክ ለማወቅ ጀርመን መሄድ አያስፈልገውም። ሰው ገበያ መካከል ሲወድቅ ክብሪት ተጭሮ ጭሱን እንዲያሸት ይደረጋል። አረፋው ይጋባል ተብሎም ይሸሻል፤ ምድጃ አጠገብ የወደቀውን ማንም ሳያነሳው እሳቱ ይበላዋል። በፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት የተመራውና በ1990 የታተመው የቡታጅራ አካባቢ ጥናት ከ1000 ሰዎች ውስጥ በ5.2ቱ ላይ የሚጥል በሽታ አግኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአግባቡ ቢታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሕሙማን ከመውደቅ ይድናሉ፤ ፌኖባርቢታል የተባለው አሮጌ መድኃኒትም ዋጋው ርካሽ ነው። ግን ጠበሉ ወይም ጸሎቱ ሲጀመር ክኒኑን የሚያስጥል ሰው በየቦታው አይጠፋም። ጠበልን የሚቃወም ጽሑፍ አልጻፍኩም። በ2007 አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው በእንጦጦ የሚጠመቁ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር እንዲወስዱ በይፋ ተናግረዋል። የክሊንገንበርጉን ቤት የጎደለው ይህ ነው።

ቤተሰቡ ቀሳውስትን እየለመነ ከቆየ በኋላ፣ አባ ኤርንስት አልት የተባሉ ወጣት ቄስ ልጅቷ በርኩስ መንፈስ መያዟን አመኑ። በመስከረም 1975 የዩርዝቡርጉ ጳጳስ ዮሴፍ ሽታንግል ጋኔን የማስወጣቱ ሥርዓት እንዲፈጸም ፈቀዱ፤ በምሥጢር እንዲያዝም አዘዙ። ሥርዓቱን የመሩት አባ አርኖልድ ሬንዝ ናቸው፤ መጽሐፉ በ1614 የወጣው የሮም የጸሎት መጽሐፍ ነው። በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ አንዳንዴ እስከ አራት ሰዓት፣ በአሥር ወር ውስጥ 67 ጊዜ ተደረገ። ከ40 በላይ ካሴትም ተቀዳ።

በካሴቶቹ ላይ በልጅቷ አንደበት የሚናገሩት ሉሲፈር፣ ቃየል፣ ይሁዳ፣ ኔሮና ሂትለር ነን ይላሉ። አንድ ከጥንት የነበረ ክፉ ቄስም አለበት። ሂትለርን ልብ ይበሉ፤ ጦርነቱ ካበቃ ገና 30 ዓመቱ ነበር። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ተቀምጦ ዛርን ሲያጠና የአገሩ ዛሮች እንደ አገሩ መኳንንት ማዕረግና ዘር ቆጥረው የሚመጡ ሆነው አግኝቷቸዋል። በወለጋም ቃሉው ላይ የሚወርደው አያና የሚናገረው አገሬው በሚያውቀው ወግ ነው። መንፈሱ የገባበትን ቤት ቋንቋ አሳምሮ ያውቃል፤ ከዚህ ምን እንደሚደመደም ለአንባቢ ልተወው።

በመጨረሻዎቹ ወራት አነሊዘ መብላት አቆመች። ስቃይዋ የሌሎችን ኃጢአት ማስተሰረያ እንደሆነ ታምን ነበር። በቀን መቶዎች ጊዜ ስትንበረከክ ጉልበቷ ተጎዳ። ሐኪም አልተጠራም። ሐምሌ 1 ቀን 1976 በ23 ዓመቷ ስትሞት ክብደቷ 30 ኪሎ ገደማ ነበር። የአስከሬን ምርመራው የሞቷ ምክንያት የምግብና የውኃ እጦት መሆኑን አሳየ።

ችሎቱ በአሻፈንቡርግ በማርች 1978 መጨረሻ ተከፈተ። ካሴቶቹ በችሎት ተሰሙ። ተከላካዮቹ ጋኔኑ እውነት እንደነበር ሊያስረዱ ሞከሩ፤ የሃይማኖት ነፃነትም ተጠቀሰ። ፍርድ ቤቱ ግን ሰይጣን አለ ወይም የለም በሚለው ላይ አልፈረደም። የጠየቀው ጥያቄ ጠባብ ነው፦ ልጅቷ ስለ ራሷ መወሰን በማትችልበት ሁኔታ ላይ ሳለች ሐኪም መጥራት የማን ግዴታ ነበር? ባለሙያዎች ከመሞቷ አንድ ሳምንት በፊት እንኳ ማትረፍ ይቻል እንደነበር መስክረዋል።

ዓቃቤ ሕግ ቀሳውስቱ በገንዘብ እንዲቀጡ፣ ወላጆች ደግሞ ጥፋተኛ ተብለው ያለ ቅጣት እንዲሰናበቱ ጠይቆ ነበር፤ ልጃቸውን ቀብረዋልና። ዳኞቹ ከዚህ ከበድ ያለውን መረጡ። አራቱም በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተብለው ስድስት ስድስት ወር እስራት በገደብ ተፈረደባቸው። ፈቃዱን የሰጡት ጳጳስ አልተከሰሱም። በኔ እይታ የፍርዱ ደካማ ጎን እዚህ ላይ ነው።

ጉዳዩ ለእኛ ዳኞች ቢቀርብስ? ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለን ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት በቀላል እስራት ወይም በገንዘብ ይቀጣል። የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ወይም ሌላ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ደግሞ እስራቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ይደርሳል። እናትና አባት ግዴታ እንዳለባቸው ክርክር የለውም፤ ግን ልጅቷ ለአካለ መጠን የደረሰች ናት። በሽተኛን ለጸሎት ተቀብሎ ወራት የሚያቆይ አገልጋይስ? ሕጉ “ሌላ ግዴታ” ሲል በሩን ክፍት ትቶታል፤ እኔ ዳኛ ብሆን ከዚያ በር አስገባው ነበር።

ፍርዱ ሲሰጥ ወላጆቹ ልጃቸውን ሁለተኛ ጊዜ ከቀበሩ ሁለት ወር አልሞላቸውም ነበር። አንዲት መነኩሲት አስከሬኗ አልፈረሰም የሚል ራእይ አየሁ ስላለች በፌብሩዋሪ 1978 መቃብሩ ተከፍቶ ነበር። ባለሥልጣናቱ እንደማንኛውም አስከሬን መፍረሱን ገለጹ፤ ወላጆቹ ግን አላዩትም። ሮም የ1614ቱን ሥርዓት በ1999 አሻሽላ ሕመም ከጋኔን እንዲለይ፣ ሐኪም እንዲማከርም አዘዘች። መቃብሯ ክሊንገንበርግ ነው፤ እንደ ቅድስት ቆጥረው ሊጸልዩ የሚሄዱ ሰዎች ዛሬም አሉ።