ሀገር የሚያህል መሬት ገዝተው፣ ርስታቸው ለዕዳ የተሸጠው ቶማስ ጀፈርሰን

ሀገራት ድንበራቸውን ያሰፉት አብዛኛውን ጊዜ በጦርነት ነው። በውልና በገንዘብ የሰፋ ድንበርም ግን አለ። ሦስተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቶማስ ጀፈርሰን ጦር ሳያዘምቱ፣ በአንድ ውል ብቻ የሀገራቸውን ስፋት እጥፍ ያደረጉ መሪ ናቸው።

ጀፈርሰን የተወለዱት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 13 ቀን 1743 በቨርጂኒያ ነው። ቨርጂኒያ ያን ጊዜ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች። አባታቸው መሬት ቀያሽና ባለ ሰፊ እርሻ ነበሩ። አባታቸው ሲሞቱ ጀፈርሰን የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ሲደርስም ሰፊ መሬትና በባርነት የተያዙ ሰዎችን ወረሱ። ሕግ ተምረው ጠበቃ ሆኑ። በ1776፣ በ33 ዓመታቸው፣ የአሜሪካን የነጻነት አዋጅ አረቀቁ። በ1801 ደግሞ የፕሬዚዳንትነቱን መንበር ያዙ።

ጀፈርሰን የነጻ ሀገር ምሰሶው የራሱን መሬት የሚያርስ ገበሬ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ያን ጊዜ በምዕራብ የሰፈሩት ገበሬዎች እህላቸውንና ትንባሆአቸውን በሚሲሲፒ ወንዝ አውርደው ወደ ባሕር የሚያደርሱት በኒው ኦርሊንስ ወደብ በኩል ነበር። ወደቡን ያስተዳድር የነበረው የስፔን ሹም በ1802 የአሜሪካውያንን ዕቃ የማሳረፍ መብት ከለከለ። ስፔንም ግዛቱን በምስጢር ለፈረንሳይ መልሳ እንደነበር ታወቀ። የገበሬው ምርት መውጫ በኃያሉ ናፖሊዮን እጅ ሊወድቅ ነው ማለት ነው።

ጀፈርሰን ከጦርነት ይልቅ ግዢን መረጡ። በፓሪስ የነበሩትን ሮበርት ሊቪንግስተንን እንዲያግዙ ጄምስ ሞንሮን ላኩ። የመልእክተኞቹ ተልእኮ ወደቡንና በዙሪያው ያለውን ጥቂት መሬት መግዛት ነበር። ናፖሊዮን ግን በሌላ ጭንቅ ውስጥ ነበሩ። ዛሬ ሄይቲ በምትባለው ምድር ከባርነት ነጻ ለመውጣት የተነሱ ጥቁሮች ሠራዊታቸውን አዳክመውታል፤ ቢጫ ወባም ወታደሩን ጨርሶታል። ከእንግሊዝ ጋርም ጦርነት ደርሷል። ስለዚህ ሉዊዚያና የሚባለውን ግዛት በሙሉ ለመሸጥ ወሰኑ። መልእክተኞቹም ወደ ሀገራቸው ልከው መልስ የሚጠብቁበት ጊዜ ስላልነበራቸው ተስማሙ።

ውሉ ኤፕሪል 30 ቀን 1803 የሚል ቀን ይዟል። ዋጋው 15 ሚሊዮን ዶላር፣ የመሬቱ ስፋት ደግሞ ከ2 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ነበር፤ የዛሬዋን ኢትዮጵያ እጥፍ ሊያህል ጥቂት ይቀረዋል። ሲሰላ አንድ ሄክታር በ7 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ተገዛ እንደማለት ነው። ወጣቷ ሀገር በእጇ በቂ ገንዘብ ስላልነበራት ግዢው የተፈጸመው በብድር ሰነድ ሲሆን፣ ሰነዱን የገዙት የእንግሊዝና የሆላንድ ባንኮች ነበሩ።

ለጀፈርሰን ግን ደስታው ከፈተና ጋር መጣ። መንግሥት ሕገ መንግሥቱ ከፈቀደለት አንዲት ጋት እንዳያልፍ ሲሟገቱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሕገ መንግሥቱ ደግሞ መሬት ስለ መግዛት የሚለው አልነበረም። የማሻሻያ ረቂቅ ጻፉ፤ ናፖሊዮን ሐሳባቸውን ይለውጣሉ የሚል ስጋት ሲበረታ ግን ረቂቁን ተዉት። ምክር ቤቱም ውሉን 24 ለ7 በሆነ ድምፅ አጸደቀው።

በዚህ ሁሉ ድርድር ውስጥ ያልተጠየቁ ወገኖች ነበሩ። በመሬቱ ላይ ኦሴጅ፣ ላኮታና ሌሎች በርካታ ነባር ሕዝቦች ይኖሩ ነበር። ፈረንሳይ የሸጠችው እነርሱ የሚኖሩበትን፣ እርሷ ግን በወረቀት ብቻ የያዘችውን ምድር ነው። በኋለኞቹ ዓመታት ነባሮቹ ሕዝቦች በጦርነትና በአስገዳጅ ውል ከቀያቸው ተገፉ። ባርነትም ከጥጥና ከሸንኮራ እርሻ ጋር ወደ አዲሱ ግዛት ተስፋፋ። የነጻነትን አዋጅ ያረቀቁት ጀፈርሰን ራሳቸው በሕይወት ዘመናቸው ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት ይዘዋል።

ጀፈርሰን በ1809 ሥልጣናቸውን አስረክበው ሞንቲቼሎ ወደሚባለው እርሻቸው ተመለሱ። አፈርን በቀላሉ የሚገለብጥ የማረሻ ክፍል ቀደም ሲል ነድፈው ነበር። ጎርፍ አፈሩን እንዳያጥበውም ተዳፋቱን አግድም ማረስን ተከተሉ። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲንም መሠረቱ። ነገር ግን ዕዳ አልለቀቃቸውም። ከ6 ሺህ በላይ መጻሕፍታቸውን ለሀገሪቱ ምክር ቤት ሸጡ፤ እርሱም አልበቃም።

የነጻነት አዋጁ 50ኛ ዓመት በተከበረበት ዕለት፣ ጁላይ 4 ቀን 1826፣ በ83 ዓመታቸው ሲያርፉ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ዕዳ ትተው ነበር። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ በእርሻው በባርነት የተያዙ 130 ሰዎች ለጨረታ ቀረቡ፤ ቤተሰብም ከቤተሰብ ተለያየ። በኋላም ሞንቲቼሎ ራሱ ተሸጠ። ሀገራቸው በብድር መሬት ገዝታ ስትገንን፣ የእርሳቸው ብድር ርስታቸውን በላው፤ ከሁሉ የከበደውን ዋጋ የከፈሉት ግን በገዢም በሻጭም ወገን ያልነበሩት ናቸው።