ሴቬሮ ኦቾዋና የሕይወት ፊደል ቁልፍ

የፕሮፌሰር ሴቬሮ ኦቾዋ ስም በሙያችን መጻሕፍት ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በአንድ መስመር ብቻ ነው፤ ይኸውም በ1959 ከአርተር ኮርንበርግ ጋር የኖቤልን ሽልማት መካፈላቸውን የሚያመለክት መስመር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሽልማቱ ሲሰጣቸው በሕያው ሕዋስ ውስጥ አር.ኤን.ኤ.ን የሚሠራው ኤንዛይም እንደ ተገኘ ይታመን ነበር። ብዙ ሳይቆይ ግን ኤንዛይሙ በሕዋሱ ውስጥ የተሰማራበት ተግባር ሌላ መሆኑ ታወቀ። ይህን ብቻ ያነበበ ሰው ሽልማቱ ያላግባብ የተሰጠ ሊመስለው ይችላል። እንዲህ ያለው ፍርድ ችኩል መሆኑን ለማየት የሰውየውን ሕይወትና የኤንዛይሙን ታሪክ አያይዞ መመልከት ያስፈልጋል።

ኦቾዋ በሰሜን እስፓኝ፣ በአስቱሪያስ፣ ሉዋርካ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሴፕቴምበር 24 ቀን 1905 ተወለዱ። ለቤተ ሰቡ ሰባተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። ሰባት ዓመት ሲሆናቸው አባታቸው ስለ ሞቱ እናታቸው ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ደቡብ፣ ወደ ማላጋ ሄዱ። በማድሪድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪ የሆኑት በሽተኛ የማከም ፍላጎት ኖሯቸው አልነበረም። ታላቁ የነርቭ ሊቅ ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል የጻፉትን አንብበው ልባቸው ስለ ተማረከ፣ ከሊቁ እግር ሥር ለመማር ተስፋ አድርገው ነበር። ይሁን እንጂ ወጣቱ ተማሪ ሲደርስ ካሃል በዕድሜ ምክንያት ከማስተማር ተሰናብተው ቆዩት። ወደ ባዮኬሚስትሪ የመሯቸው የፊዚዮሎጂው መምህር ሁዋን ኔግሪን ናቸው፤ እኚሁ መምህር በኋላ በእርስ በርሱ ጦርነት ዘመን የሪፑብሊኩ ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን በቅተዋል።

በ1931 ካርሜን ጋርሲያ ኮቢያንን አገቡ። በ1936 ጦርነቱ ሲፈነዳ ባልና ሚስቱ አገራቸውን ለቀው ወጡ፤ ከዚያ ወዲያ በስድስት ዓመት ውስጥ አምስት ከተማ ተቀያየሩ። መጀመሪያ የደረሱት ከዚያ ቀደም ኦቾዋ ሠልጥነውበት ወደ ነበረው ወደ ኦቶ ማየርሆፍ ቤተ ሙከራ፣ ወደ ሃይደልበርግ ነበር። ማየርሆፍ ግን በትውልዳቸው አይሁዳዊ ስለ ነበሩ በናዚዎች አገዛዝ ሥር የነገ ዕጣቸው አይታወቅም ነበር፤ በ1938 እሳቸውም ተሰደዱ። ኦቾዋ ቀደም ብለው በ1937 ወደ እንግሊዝ ተሻግረው በፕሊመዝ የባሕር ምርምር ጣቢያ ለስድስት ወር ሠሩ። ረዳት የሚቀጥሩበት ገንዘብ አልነበራቸውምና ባለቤታቸው ካርሜን ረዳት ሆነው አብረዋቸው ሠሩ፤ ሥራውም በሁለቱ ስም ታተመ። ቀጥሎ በኦክስፎርድ ከሩዶልፍ ፒተርስ ጋር ቪታሚን ቢ-1 በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ መረመሩ። የዓለም ጦርነት ሲነሣ የኦክስፎርዱ ቤተ ሙከራ ለጦርነት ወደሚያገለግል ምርምር ዞረ፤ የውጭ አገር ሰው በመሆናቸው እሳቸው ከዚያ ሥራ ውጭ ሆኑ። በ1941 በሴንት ሉዊስ ከተማ ከካርልና ከገርቲ ኮሪ ዘንድ ገቡ፤ በ1942 ኒውዮርክ ደረሱ። በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይተዋል።

አሁን ወደ ኤንዛይሙ እንምጣ። በሩሲያ ተወልደው በፈረንሳይ ያደጉት ዶክተር ማሪያን ግሩንበርግ-ማናጎ በ1954 ከፓሪስ መጥተው በኦቾዋ ቤተ ሙከራ መሥራት ጀመሩ። ይፈልጉት የነበረው አር.ኤን.ኤ. አልነበረም። ሐሳባቸው አዞቶባክተር የሚባለው የአፈር ባክቴሪያ ኃይልን በኤ.ቲ.ፒ. መልክ እንዴት እንደሚያከማች ማወቅ ነበር። ከባክቴሪያው በወጣው ጭማቂ ውስጥ ፎስፌት ሲለዋወጥ ተመለከቱ። በሚገባ የጠራ ኤ.ቲ.ፒ. ሲጨምሩ ግን ልውውጡ ጠፋ። ነገሩ ሲጣራ ሥራውን የሚያስኬደው ባልጠራው ኤ.ቲ.ፒ. ውስጥ ተቀላቅሎ የነበረው ኤ.ዲ.ፒ. ሆኖ ተገኘ። ኤንዛይሙ ኤ.ዲ.ፒ.ንና መሰሎቹን እርስ በርስ እያያያዘ ፎስፌት ይለቃል፤ የሚያስገኘውም ረጅም ሰንሰለት ከአር.ኤን.ኤ. ጋር አንድ ዓይነት ነው። በ1955 ግኝቱ ይፋ ሲሆን ኤንዛይሙ ፖሊኑክሊዮታይድ ፎስፎሪሌዝ ተባለ። ከሕያው ሕዋስ ውጭ ኑክሌይክ አሲድ በኤንዛይም ሲሠራ ያ የመጀመሪያው ነበር። ግሩንበርግ-ማናጎ ከተሸላሚዎቹ መካከል አልነበሩም፤ በእኔ አስተያየት በዚህ ታሪክ ውስጥ ያልተከፈለ ዕዳ ካለ ይህ ነው። በ1995 የፈረንሳይን የሳይንስ አካዳሚ በፕሬዚዳንትነት የመሩ የመጀመሪያዋ ሴት እሳቸው ናቸው።

ጉድለቱ የት ላይ ነበር? ቁም ጸሐፊ ብራናውን ዘርግቶ፣ ዋናውን መጽሐፍ ከፊቱ አድርጎ፣ እያየ ይገለብጣል። በሕዋስ ውስጥም አር.ኤን.ኤ. መገልበጥ ያለበት ከዲ.ኤን.ኤ. ላይ ነው። የኦቾዋ ኤንዛይም ግን የሚያየው መጽሐፍ አልነበረውም፤ የቀረበለትን ፊደል ሁሉ እንዳገኘ ይደረድራል። ዲ.ኤን.ኤ.ን እያነበበ የሚገለብጠው ሌላ ኤንዛይም በ1960 ገደማ በልዩ ልዩ ቤተ ሙከራዎች ተገኘ። ፎስፌት በብዛት በሚገኝበት በሕያው ሕዋስ ውስጥ ፖሊኑክሊዮታይድ ፎስፎሪሌዝ በአብዛኛው ተገላቢጦሹን ይሠራል፤ ያገለገለውን አር.ኤን.ኤ. ያፈርሳል። የሽልማት ተካፋያቸው ኮርንበርግም ከዚህ አላመለጡም። በ1946 በኦቾዋ ቤተ ሙከራ የሠለጠኑት ኮርንበርግ ያገኙት የዲ.ኤን.ኤ. ኤንዛይም ዋና ሥራው ጥገና እንደ ሆነ ከ1969 ጀምሮ ታውቋል።

የሚገርመው፣ ለሕዋሱ የማይበጀው ያ ጭፍንነት ለተመራማሪው ታላቅ ስጦታ ሆነ። ፕሮቲን ከሃያ ዓይነት አሚኖ አሲዶች ይገነባል፤ የአር.ኤን.ኤ. ፊደላት ግን አራት ብቻ ናቸው። ሁለት ሁለት ቢጣመሩ የሚያስገኙት 16 ቃል ስለሆነ አይበቃም፤ ሦስት ሦስት ቢጣመሩ ግን 64 ይሆናሉ። የትኛው ቃል የትኛውን አሚኖ አሲድ እንደሚጠራ ለማወቅ ይዘቱ አስቀድሞ የታወቀ አር.ኤን.ኤ. ያስፈልጋል፤ ይህንንም በዚያን ጊዜ በሚገባ ሊያቀርብ የሚችለው ይኸው ኤንዛይም ነበር። በ1961 በቤተዝዳ ከተማ ማርሻል ኒረንበርግና ሃይንሪሽ ማቴይ ዩራሲል ብቻ የተደረደረበትን አር.ኤን.ኤ. ከባክቴሪያ ጭማቂ ጋር ቢያገናኙ ፌኒልአላኒን ብቻ የያዘ ሰንሰለት ተገኘ። ያ አር.ኤን.ኤ. የተሠራው ኦቾዋ ባስተዋወቁት ኤንዛይም ነበር።

በዚሁ ጊዜ በኒውዮርክ ፒተር ሌንጌልና ጆሴፍ ስፓየር ከኦቾዋ ጋር ሆነው ተመሳሳይ ሙከራ ጀምረው ነበር። ውድድሩ የጋለ ነበር፤ በሁለቱም በኩል ውጤት በየጊዜው ይታተም ነበር። የስሌታቸው ብልሃት ቀላልና ያማረ ነው። አምስት እጅ ዩራሲልና አንድ እጅ አዴኒን ቀላቅለው ለኤንዛይሙ ቢሰጡ፣ ሦስቱም ፊደል ዩራሲል የሆነበት ቃል ከ216 ጊዜ 125 ጊዜ ይወጣል። ሁለት ዩራሲልና አንድ አዴኒን ያለበት እያንዳንዱ ቃል ግን 25 ጊዜ ብቻ ይወጣል። ስለዚህ ከፌኒልአላኒን አንድ አምስተኛ ያህል የገባ አሚኖ አሲድ የዚህ የሁለተኛው ዓይነት ቃል ባለቤት ነው ማለት ነው። የዘዴው ወሰንም እዚሁ ላይ ነበር፤ አዴኒኑ መጀመሪያ፣ መካከል ወይም መጨረሻ ላይ መሆኑን አይለይም። ዛሬ እንደምናውቀው አዴኒኑ ከፊት ሲሆን አይሶሉሲን፣ ከመካከል ሲሆን ታይሮሲን፣ ከኋላ ሲሆን ሉሲን ይጠራል። ቅደም ተከተሉን ለይተው ያወጡት በሌላ ዘዴ ኒረንበርግና ኮራና ናቸው፤ በ1968 ከሮበርት ሆሊ ጋር ተሸለሙበት። ኦቾዋ ለሁለተኛ ጊዜ አልተጠሩም። ይህ በደል ነው የሚል ካለ አልስማማም፤ ቀድሞ የደረሰው ኒረንበርግ ነበርና። ነገር ግን የፊደሉን ይዘት በማውጣት ረገድ የኒውዮርኩ ቡድን ድርሻ የሁለተኛ ሰው ድርሻ ብቻ ተብሎ የሚናቅ አይደለም።

ከዚያም በኋላ ሥራቸው አልቀዘቀዘም። ከእስፓኝ የመጡት ማርጋሪታ ሳላስና ሌሎች ባልደረቦቻቸው የአር.ኤን.ኤ. መልእክት በየትኛው አቅጣጫ እንደሚነበብ በ1965 አሳዩ፤ ፕሮቲን መገንባት እንዲጀመር የሚያግዙ ፕሮቲኖችም በዚያው ቤተ ሙከራ ተጠኑ። በ1974 ከዩኒቨርሲቲው ወጥተው በኒው ጀርሲ በሚገኘው የሮሽ የሞለኪዩል ሥነ ሕይወት ተቋም ሥራቸውን ቀጠሉ። በ1980 ስለ ራሳቸው በጻፉት ጽሑፍ ባዮኬሚስትሪን እንደ ትርፍ ጊዜ ጨዋታ አድርገው ማቅረባቸው ጠባያቸውን ያሳያል።

በ1956 አሜሪካዊ ዜጋ ሆነው ነበር፤ ከእስፓኝ ጋር ያላቸው ግንኙነት ግን አልተቋረጠም። በ1975 በማድሪድ የተቋቋመው የሞለኪዩል ሥነ ሕይወት ማዕከል በስማቸው ይጠራል፤ ከኒውዮርክ የተመለሱት ማርጋሪታ ሳላስም ለብዙ ዓመታት የሠሩት በዚያው ነው። ኦቾዋ በ1985 ከባለቤታቸው ጋር ጠቅልለው ወደ አገራቸው ገቡ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1986፣ ካርሜን ሞቱ። ከፕሊመዝ ጀምሮ በየስደቱ አብረዋቸው የነበሩትን ሰው ካጡ በኋላ ኦቾዋ ወደ ምርምር ሥራ አልተመለሱም። ኖቬምበር 1 ቀን 1993 በማድሪድ በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ፤ ሉዋርካ ተወስደው ከካርሜን ጎን ተቀበሩ።