ጆን ብራይት፤ ባለ ፋብሪካው የሰላም ጠበቃ

እውነትን መናገር ዋጋ በማያስከፍልበት ጊዜ ሁሉም ሰው እውነተኛ ነው። ሰው የሚፈተነው የያዘው እውነት ከገንዘቡ፣ ከወዳጁና ከሥልጣኑ ጋር ሲጋጭበት ነው። እንዲህ ካለው ፈተና ውስጥ ደጋግመው ከገቡት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ጆን ብራይት ነበር። በዚህ ጽሑፍ የሕይወቱን ታሪክ በአጭሩ እንመለከታለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጆን ብራይት ኖቬምበር 16 ቀን 1811 በሰሜን እንግሊዝ፣ በላንካሻየር ግዛት፣ ሮችዴል በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ጄኮብ ብራይት ከዝቅተኛ ኑሮ ተነሥቶ በድካሙ የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ያቋቋመ ሰው ነበር። ቤተሰቡ ኩዌከር ከሚባሉት ክርስቲያኖች ወገን ነው። ኩዌከሮች በጸጥታ ተቀምጠው የሚጸልዩ፣ በአለባበስና በአነጋገር ቀላልነትን የሚወዱ፣ ጦርነትን ጨርሶ የማይቀበሉና የባሪያ ንግድን በመቃወም ግንባር ቀደም የነበሩ ናቸው። ጆን ዕድሜው 16 ዓመት ገደማ ሲሆን ትምህርቱን ትቶ በአባቱ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። የዩኒቨርሲቲ ደጅ አልረገጠም። ነገር ግን መጽሐፍ ቅዱስንና የባለቅኔውን የሚልተንን ሥራዎች አዘውትሮ ያነብ ስለ ነበር፣ በኋላ በዘመኑ ከታወቁት ታላላቅ ተናጋሪዎች አንዱ ለመሆን በቃ።

በ1839 ኤልሳቤጥ ፕሪስትማን የምትባል ወጣት አገባ። ትዳራቸው ግን ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም። በሴፕቴምበር 1841 ኤልሳቤጥ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች፤ አንዲት ሕፃን ልጅም ትታለት ሄደች። ብራይት በሐዘን ተውጦ ሳለ ሪቻርድ ኮብደን የሚባል፣ እንደ እርሱ ባለ ፋብሪካ የነበረ ወዳጁ ሊያጽናናው መጣ። ኮብደን ካጽናናው በኋላ፣ በዚያች ሰዓት በእንግሊዝ አገር በሺህ በሚቆጠሩ ቤቶች እናቶችና ሕፃናት በረኃብ እንደሚሞቱ አስታወሰው፤ ሐዘኑ ጋብ ሲልለትም ተነሥቶ አብሮት እንዲታገል ለመነው። ብራይትም እሺ አለ።

የትግሉ ምክንያት የእህል ሕግ የሚባለው ነበር። ይህ በ1815 የወጣ ሕግ በአገር ውስጥ የስንዴ ዋጋ እጅግ ካልናረ በቀር የውጭ አገር ስንዴ እንዳይገባ ይከለክላል። በዚህም ባለ ርስቶች ሲበለጽጉ ድሀው ዳቦ መግዛት ያቅተው ነበር። ብራይትና ኮብደን ከከተማ ከተማ እየዞሩ ሕዝቡን አስተማሩ። ብራይት በ1843 የፓርላማ አባል ሆነ። በ1845 በአየርላንድ የድንች ሰብል በበሽታ ጠፍቶ ረኃብ በመጣ ጊዜም መንግሥት ግድ ሆኖበት በ1846 ሕጉ ተሻረ።

ይሁን እንጂ ብራይትን ጉድለት እንደሌለው ሰው አድርጎ ማቅረብ ሐሰት ይሆናል። በ1847 ሴቶችና ወጣቶች በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ በቀን ከ10 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ የሚከለክል ሕግ ለፓርላማ ሲቀርብ አጥብቆ ተቃወመው። መንግሥት በአሠሪና በሠራተኛ መካከል መግባት የለበትም የሚል እምነት ነበረው። ሕጉ የእርሱ ተቃውሞ ሳያግደው ጸደቀ። በየከተማው ስለሚራበው ሕዝብ ያዘነ ሰው፣ እንደ እርሱ ባሉ ባለ ፋብሪካዎች ደጅ ያለውን ድካም በሚገባ ሳያይ ቀረ።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ1854 እንግሊዝ በክሪሚያ ከሩስያ ጋር ጦርነት በገጠመች ጊዜ ነው። ሕዝቡም ጋዜጣውም ጦርነት ጦርነት ሲል ብራይት በፓርላማ ቆሞ ተቃወመ። በፌብሩዋሪ 1855 ባደረገው ንግግር፣ የሞት መልአክ በአገሪቱ ላይ እያለፈ መሆኑን፣ ከሀብታምም ከድሀም ቤት ልጅ እንደሚወስድ ሲያስረዳ አዳራሹ ጸጥ አለ። በዚያ ጦርነት በጥይት ከሞተው ይልቅ በበሽታ ያለቀው የእንግሊዝ ወታደር እጅግ ይበልጥ ነበር። ብራይት ግን ያተረፈው ስድብና ጥላቻ ነው። በ1856 ጤንነቱ ታውኮ ሥራውን አቋረጠ፤ በ1857 ምርጫም ይወክላት የነበረችው የማንቸስተር ከተማ ጣለችው። በዚያው ዓመት የበርሚንግሃም ሕዝብ መረጠው፤ እስኪሞትም ድረስ አልተለየውም።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ፈተና መጣ። በ1861 በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። የላንካሻየር ፋብሪካዎች ከሚፈትሉት ጥጥ አብዛኛው የሚመጣው ባሪያዎች ከሚሠሩባቸው ከደቡብ አሜሪካ ግዛቶች እርሻ ነበር። ጥጡ ሲቋረጥ ፋብሪካዎች ተዘጉ፣ ሠራተኞች ተራቡ፣ የብራይትም ፋብሪካ ተጎዳ። ብዙ የእንግሊዝ ታላላቅ ሰዎች ለደቡቦች ሲያደሉ፣ ብራይት ባርነትን የሚደግፍ መንግሥት ሊታወቅ አይገባም ብሎ ለሰሜኖቹ ተሟገተ። ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን እጅግ ያከብረው ስለ ነበር ፎቶግራፉን በቢሮው አኑሮ ነበር። በአሜሪካ የ10 ዓመት እስራት ለተፈረደበት ለአንድ የበርሚንግሃም ወጣትም በብራይት ምልጃ በ1863 ምሕረት አድርጎለታል።

ብራይት በ1868 የንግድ ሚኒስትር ሆኖ ካቢኔ ውስጥ በመግባት ከኩዌከሮች የመጀመሪያው ሆነ። ነገር ግን በጁላይ 1882 የእንግሊዝ መርከቦች የግብፅን እስክንድርያ በመድፍ በደበደቡ ጊዜ፣ የሚወደውን ወዳጁን ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተንን ተሰናብቶ ሥልጣኑን ለቀቀ። ማርች 27 ቀን 1889 በ77 ዓመቱ ዐርፎ፣ በተወለደባት በሮችዴል በኩዌከሮች መቃብር ተቀበረ።

ወንድሞችና እህቶች፣ ብራይት ለእውነት ሲል ምርጫ አጥቷል፤ ገንዘብ ከስሯል፤ ከወዳጁ ተለይቷል። በዚህ ልንመስለው ይገባናል። ጉድለቱ ግን የእኛም ጉድለት ሊሆን ስለሚችል ልናልፈው አንችልም። በጉባኤያችን ስለ ፍትሕ ስንወያይ አምሽተን ወደ ቤት ስንመለስ በር የምትከፍትልን የቤት ሠራተኛ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደቆመች ጠይቀን እናውቃለን? የሩቁን ጉድፍ ለማየት የፈጠነ ዓይን የቤቱን ምሰሶ እንዳይስት መጠንቀቅ ያስፈልገዋል። በአደባባይ እውነትን የምንመሰክር፣ በቤታችንም እውነትን የምንሠራ እንድንሆን እግዚአብሔር አምላካችን ይርዳን። አሜን።