ከፑንጃብ የመጣው የብሪታንያ የቼዝ ሻምፒዮን

ቼዝ በተዘረጋበት ስፍራ ሁሉ የካፓብላንካ ስም ይነሣል። ካፓብላንካን ያሸነፈው ሚር ሱልጣን ካን ግን እምብዛም አይታወቅም።

ሱልጣን ካን በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ዛሬ ፓኪስታን በሆነው የፑንጃብ ክፍል ተወለደ። በልጅነቱ የተማረው የአገሩን ሰንጠረዥ ነበር፤ በዚያም ጨዋታ ወታደር ሲነሣ እንደ አውሮፓው ሁለት ቤት አይራመድም። ባለርስቱ ሰር ዑመር ሐያት ካን ችሎታውን አይቶ አስጠጋው፤ የአውሮፓውንም ሕግ እንዲማር አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1928 የመላ ሕንድ ሻምፒዮን ሆነ። በማግሥቱ ዓመት ሰር ዑመር ወደ ለንደን ሲሄድ አብሮት ተጓዘ።

በዚያው በ1929 በራምስጌት ከተማ በተደረገው የብሪታንያ ሻምፒዮና አንደኛ ወጣ። ስለ ጨዋታ አጀማመር የተጻፉትን የአውሮፓ መጻሕፍት ስላላጠና በመጀመሪያው ላይ ብዙ ጊዜ ይጎዳ ነበር፤ ጠጠሮቹ እየተመናመኑ ሲሄዱ ግን እርሱን የሚቋቋመው ጥቂት ነበር። የቀድሞውን የዓለም ሻምፒዮን ካፓብላንካን በ1930/31 በሄስቲንግስ ውድድር በ65 እርምጃ ያሸነፈው እንዲሁ ቀስ በቀስ አጥብቦ ነው። በ1931 ታርታኮወርን በግጥሚያ ረታ። በሦስት የዓለም ኦሊምፒያዶች ለእንግሊዝ በአንደኛው ሰሌዳ ተሰለፈ፤ የብሪታንያንም ሻምፒዮናነት በ1932ና በ1933 ደገመ፥ ሠለሰ።

ይህ ሰው በሰር ዑመር ቤት ምን ነበር? አሜሪካዊው ተጫዋች ሩበን ፋይን ለግብዣ በተጠሩበት ቤት ሻምፒዮኑ ምግብ ሲያቀርብ ማየቱን ጽፏል። ቤተሰቦቹ በበኩላቸው አገልጋይ መባሉን ይቃወማሉ። ክርክሩ ምንም ይሁን ምን፥ በ1933 መጨረሻ ሰር ዑመር ወደ ሕንድ ሲመለስ ሱልጣን ካንም ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ በአውሮፓ ውድድር አልታየም። ኑሮውን በእርሻ አድርጎ በ1966 ዐረፈ። የዓለም የቼዝ ፌዴሬሽን የታላቅ ጌታነትን ማዕርግ በ1950 መስጠት ቢጀምርም፥ ለእርሱ የክብር ማዕርጉ የደረሰው በ2024፥ ከሞተ ከ58 ዓመት በኋላ ነው።

በሌላ ሰው ወጪ ለምንማር ለእኛ ለተማሪዎች ይህ ሕይወት የሚያሳስብ ነው። ሱልጣን ካንን በሰሌዳው ላይ ያሸነፉት ጥቂቶች ናቸው፤ ከሰሌዳው ያስነሣው ግን የደጋፊው ጓዝ መጠቅለል ነበር። ዕውቀት ለባለቤቱ የሚጸናው ዕውቀቱ ብቻ ሳይሆን መቀመጫውም የራሱ ሲሆን ነው።