ሴባስቶፖልን ያራመደ መንገድ

በአውሮፕላን መጥቶ አዘዞ ላይ የሚያርፍ መንገደኛ ቀድሞ የሚቀበለው ስም የዐፄ ቴዎድሮስ ነው፤ የጎንደር አየር ማረፊያ በስማቸው ይጠራል። ከዚያው ከአዘዞ የሚነሣው የመተማ መንገድ ደግሞ ቁልቁል እየወረደ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ተወለዱበት ወደ ቋራ አገር አቅጣጫ ይዘልቃል። በዚህ መንገድ ጭነት የሚያመላልስ ሾፌር ጠንቅቆ የሚያውቀው ነገር አለ። ዳገት ጉልበትን ይፈትናል፤ ቁልቁለትና ጠመዝማዛ ግን መሪንና ሚዛንን ይፈትናሉ። ሞተርና ፍሬን በሌሉበት ዘመን በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ይህን ፈተና ከማንም በላይ የተጋፈጡት እኒሁ ንጉሥ ነበሩ።

ካሳ ኃይሉ የተወለዱት በ1811 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ወደ ሽፍትነት፣ ከሽፍትነት ወደ ጦር አዝማችነት ተሻግረው፣ የዘመነ መሳፍንትን ኃያላን ድል ነሥተው፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ሰሜን ውስጥ ደረስጌ ማርያም ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ይህ ሁሉ ተደጋግሞ ተነግሯል። የኋላ ሕይወታቸውን የወሰነው ግን ከዘውዱ 7 ዓመት አስቀድሞ፣ በ1840 ዓ.ም.፣ ደባርቂ ላይ የደረሰባቸው ሽንፈት ነው። በምዕራቡ ጠረፍ ከግብፅ ጦር ጋር ሲገጥሙ ፈረሰኞቻቸው በመድፍ ረገፉ። ካሳ ጀግንነት ብቻውን መድፍን እንደማይመክት የተማሩት በዚያ ቀን ነው ማለት ይቻላል።

ከነገሡ በኋላ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የእጅ ሙያ ያላቸውን አውሮፓውያን ሚስዮናውያን ሰብስበው መድፍ እንዲሠሩ አዘዙ። ሰዎቹ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ እንጂ መድፍ ቀልጦ ሲፈስ ያዩ አልነበሩምና የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ። ከብዙ ድካም በኋላ በ1859 ዓ.ም. ትልቁ መድፍ ተሠራ። በክራይሚያ ጦርነት ስሟ በገነነው ከተማ ሴባስቶፖል ተባለ። ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋ ነበር።

ጎንደር ንጉሡን በሁለት ልብ የምታስበውም ከዚሁ ዘመን የተነሣ ነው። በ1859 ዓ.ም. ከተማዋ ተቃጥላለች፤ የአብያተ ክርስቲያናቱ ንዋያተ ቅድሳትና መጻሕፍትም ተወስደዋል። ዛሬ ፒያሳ ላይ ሐውልታቸው ቆሟል። የከተማው ሰው ሁለቱንም ይናገራል፤ አንዱን ለመናገር ሌላውን አይሰውርም።

በ1860 ዓ.ም. መግቢያ፣ መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሴባስቶፖልንና ሌሎች መድፎችን በሠረገላ ጭነው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ችግሩ የመጎተት ብቻ አልነበረም። ጭድ ከፍ አድርጎ የተጫነ ጋሪ በጎን ባዘነበለ መሬት ላይ ሲሄድ ያየ ገበሬ ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። የጭነቱ ክብደት ከመንኰራኵሮቹ መካከል ወጥቶ ወደ ተዳፋቱ ከዞረ የሚይዘው የለም። ከባድ ሠረገላ በገደል አፋፍ ላይ በድንገት አይታጠፍም፤ ቁልቁለት ላይ ከተለቀቀም ከፊት የሚጎትቱትን ሰዎች ጨፍልቆ ያልፋል። ስለዚህ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር ይጎትቱታል፤ ሲወርድ ደግሞ ከኋላ ወጥረው ይይዙታል። አቅጣጫ የሚሰጠውም፣ ፍጥነት የሚገታውም የሰው ክንድ ነበር።

የሰው ክንድ ግን ለሁሉም አይበቃም። የቴዎድሮስ ብልኅነት የታየው እዚህ ላይ ነው። ሠረገላውን እንደ ልብ ማዞር ካልተቻለ፣ መንገዱ ራሱ እንዲመራው ማድረግ ነበረባቸው። ድንጋዩ በባሩድ ተናደ፤ ጉድጓዱ ተሞላ፤ ተዳፋቱ ተቆርጦ ሠረገላው ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ሜዳ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ከወታደሩ ጋር ጎንበስ ብለው ድንጋይ ሲያነሡና ሲፈልጡ መዋላቸውን በዘመኑ አብረዋቸው የነበሩ አውሮፓውያን መስክረዋል። ጨጨሆን አልፈው፣ በቤተ ሖር በኩል ወደ ዋድላ ዘለቁ። ጅጣ ሸለቆ ሲደርሱ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ መውረድና ወዲያው ማዶ ወደ ደላንታ መውጣት ግድ ሆነ። ቀጥሎም በሽሎ ያንኑ ያህል ይጠብቃቸው ነበር። አንድ ፈረሰኛ በጥቂት ቀን የሚጨርሰውን መንገድ ለመጨረስ ስድስት ወር ያህል ፈጀ።

በዚያው ወራት የብሪታንያ ጦር በጄኔራል ናፒየር መሪነት ዙላ ላይ ከባሕር ወርዶ ወደ ደቡብ ይገሠግሥ ነበር። እንግሊዞች ትልልቅ መድፎቻቸውን ለተራራው መንገድ በመንኰራኵር አላመኑም። ነጣጥለው ከሕንድ ባመጧቸው 44 ዝሆኖች ላይ ጫኑ፤ ትንንሾቹን ደግሞ በበቅሎ አሸከሙ። ይህ የድርጅትና የሀብት ብልጫ ነው። ሆኖም ጅጣ ላይ ሲደርሱ ቴዎድሮስ ለሴባስቶፖል ያስጠረጉትን መንገድ አገኙ፤ በዚያው ወረዱ፤ በዚያው ወጡ። ንጉሡ ለመድፋቸው ያበጁት መንገድ ጠላታቸውንም ወደ መቅደላ አደረሰ።

መድፉ በመጋቢት 1860 ዓ.ም. መቅደላ አጠገብ ደረሰ። ያን ጊዜ ግን የንጉሡ ሥልጣን ከሰፈራቸው ብዙም አያልፍም ነበር። በየአቅጣጫው ሸፍቶባቸዋል፤ ሠራዊታቸው ከድቷል፤ ጦሩ ባለፈበት ሁሉ እህሉን የተነጠቀው ገበሬ ፊቱን አዙሮባቸዋል። ለመድፉ መንገድ የጠረጉትን ያህል ወደ ሕዝቡ ልብ የሚወስደውን መንገድ አልጠረጉም ቢባል ሐሰት አይሆንም። ሚያዝያ 3 ቀን አሮጌ ላይ በተደረገው ውጊያ ጦራቸው ተሸነፈ፤ ሴባስቶፖልም የቀኑን ዕጣ አልለወጠም። ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግስት፣ እንግሊዞች አምባውን ሲሰብሩ ዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ከመስጠት ይልቅ በገዛ ሽጉጣቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ።

እንግሊዞች ከመቅደላ መጻሕፍትንና የወርቅ ዕቃዎችን በዝሆንና በበቅሎ ጭነው ሄዱ። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሚታየው መድፍ በሴባስቶፖል አምሳል የተሠራ ነው። ዋናው መቅደላ ላይ ቀርቷል፤ ዛሬም እዚያው ነው።