የዋልያንና የቀይ ቀበሮን ስም በሳይንስ መዝገብ ያሰፈረው ኤድዋርድ ሩፔል

ዋልያ፣ ጭላዳ እና ቀይ ቀበሮ የኢትዮጵያ መታወቂያ ከሆኑ ቆይተዋል። የአገሪቱ ብሔራዊ እግር ኳስ ቡድን በዋልያ ስም ይጠራል፤ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለማየት ጎብኚዎች ውቅያኖስ አቋርጠው ወደ ስሜን ተራሮች ይጓዛሉ። እነዚህ እንስሳት በዓለም ዙሪያ በሳይንስ ስማቸው ሲጠሩ ለስሙ ዋቢ የሚሆኑት ቆዳዎችና የራስ ቅሎች ግን በስሜንም በአዲስ አበባም አይገኙም። ያሉት በጀርመን ፍራንክፈርት፣ በሴንከንበርግ ሙዚየም ውስጥ ነው።

ወደዚያ የወሰዳቸው ሰው ኤድዋርድ ሩፔል ይባላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ባደረጋቸው ሁለት ረጅም ጉዞዎች ሲናን፣ ኑቢያን፣ ኮርዶፋንን፣ የቀይ ባሕርን ዳርቻ እና የኢትዮጵያን ደጋ አዳርሷል። የሰበሰበውን ሁሉ ለትውልድ ከተማው ሙዚየም በነጻ ሰጥቷል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የባንክ ባለቤቱ ልጅ

ሩፔል ኅዳር 20 ቀን 1794 በፍራንክፈርት ከአንድ ሀብታም የባንክ ባለቤት ቤተሰብ ተወለደ። ለንግድ ሥራ ታጭቶ ነበር። በ1817 ግን ወደ ግብጽ እና ወደ ሲና አቀና። ይህ ጉዞ ሕይወቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ መራው። በዚያው ዓመት በፍራንክፈርት የሴንከንበርግ የተፈጥሮ ጥናት ማኅበር ተመሠረተ፤ ሩፔልም በቀጣዩ ዓመት አባል ሆነ። ንግዱን ትቶ በጣሊያን ስለ ዕፅዋት፣ ስለ እንስሳት እና ስለ ሥነ ፈለክ ተማረ። ሥነ ፈለክን የተማረው ለመንገደኛ ጠቃሚ ስለሆነ ነው። የከዋክብትን አቀማመጥ ለክቶ የቆመበትን ቦታ ማወቅ የሚችል ሰው፣ አንድ እንስሳ የተገኘበትንም ስፍራ በትክክል መመዝገብ ይችላል።

የመጀመሪያው ታላቅ ጉዞው በ1821 ተጀመረ። ሚካኤል ሃይ የተባለ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ረዳቱ ነበር። በ1822 የዓቃባ ባሕረ ሰላጤ ደረሰ፤ ከዘመኑ የአውሮፓ አሳሾችም እዚያ በመድረስ ቀዳሚው ሆነ። በ1823 ደግሞ የአባይን ወንዝ ተከትሎ ወደ ኑቢያ ወጣ።

ሱዳን የገባበት ጊዜ ቀላል አልነበረም። የግብጹ ገዢ የመሐመድ አሊ ጦር አገሩን ከያዘ ገና ጥቂት ዓመታት ማለፋቸው ነበር። ዛሬ ካርቱም የሚባለው ከተማ ሁለቱ አባዮች በሚገናኙበት ስፍራ ያረፈ የጦር ሰፈር ከመሆን ብዙ አላለፈም ነበር። ሩፔል በዶንጎላ እና በኮርዶፋን እንስሳትን እየሰበሰበ እስከ 1825 ቆየ። ወደ ኢትዮጵያ ለመሻገርም አስቦ ነበር፤ ነገር ግን ምጽዋ ላይ ሕመም ስለበረታ ተመለሰ።

እሱ ገና በአፍሪካ ሳለ የላካቸው ሳጥኖች ፍራንክፈርት ደርሰው ይከፈቱ ጀመር። የሙዚየሙ መሥራች ፊሊፕ ያኮብ ክሬችማር የጡት አጥቢዎቹንና የወፎቹን ገለጻ አዘጋጀ። በኮርዶፋን አሸዋ ላይ የሚኖረው ፈዛዛ መልክ ያለው ቀበሮ በ1826 ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው በዚህ መንገድ ነው። ሌላው የበረሃ ቀበሮ ደግሞ በ1825 በራሱ በሩፔል ስም ተሰየመ።

ወደ ስሜን እና ወደ ጎንደር

ሩፔል ያሰበውን ሳይፈጽም የሚቀር ሰው አልነበረም። በ1830 እንደገና ተነሣ፤ በ1831 ምጽዋ ደረሰ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። የትግራዩ ደጃዝማች ሰባጋዲስ በደብረ ዓባይ ጦርነት ከወደቁ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም፤ በስሜን ደጃዝማች ውቤ ይገዙ ነበር፤ በጎንደር የነበሩት ነገሥታት ከስም በቀር ሥልጣን አልቀረላቸውም። መንገዱ በሽፍታና በዘማች የተሞላ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ሳጥን፣ ባሩድ እና የአልኮል ማሰሮ ጭኖ ደጋውን መውጣት ድፍረት ብቻ ሳይሆን ብዙ ድርድርም ይጠይቃል።

በ1832 ተከዜን ተሻግሮ ስሜን ገባ፤ በዚያው ዓመትም ጎንደር ደረሰ። እስከ 1833 ድረስ ጎንደርን ማዕከሉ አድርጎ ደንቢያን እና የጣናን ዙሪያ ተመለከተ። ኢትዮጵያን አቋርጦ ያጠና የመጀመሪያው የተፈጥሮ ተመራማሪ ተብሎ የሚጠቀሰው በዚህ ጉዞው ነው።

ከጉዞው ያመጣው ብዙ ነበር። ዋልያን፣ ጭላዳን እና ጉሬዛን በ1835፣ ቀይ ቀበሮን በ1840 ለሳይንስ አስተዋወቀ። ከወፎች ወፍራም ምንቃር ያለውን የኢትዮጵያ ቁራ፣ ክንፈ ሰማያዊውን ዝይ እና አንገቱ ላይ ሥጋ የሚንጠለጠልበትን የደጋ ወፍ ገለጸ። ከጣና ሐይቅ ዓሦችም በርካቶቹ ስማቸውን ያገኙት በእሱ ነው።

ሥራው በእንስሳት አልተወሰነም። በአክሱም በድንጋይ ላይ የተቀረጹ የግዕዝ ጽሑፎችን ገልብጧል። ከጎንደር የሰበሰባቸው የብራና መጻሕፍት ለፍራንክፈርት ከተማ ቤተ መጻሕፍት ተበርክተዋል፤ ዝርዝራቸውም በ1897 ታትሟል።

ስሙ የአገሬው፣ ማኅተሙ የሩፔል

በሩፔል ሥራ ውስጥ የኢትዮጵያን አንባቢ ቆም የሚያደርግ አንድ ነገር አለ። ለአራቱ ታዋቂ እንስሳት የሰጣቸው ሳይንሳዊ ስሞች ባዕድ አይደሉም። የዋልያ የሳይንስ ስም ካፕራ ዋሊ ነው። የጭላዳ ስም ጌላዳ ነው። የጉሬዛ ስም ኮሎቡስ ጉሬዛ ነው። ቀይ ቀበሮ ደግሞ ካኒስ ሲሜንሲስ፣ ማለትም የስሜኑ ውሻ ተብሏል።

እነዚህ ቃላት ከአንድ ሰው አፍ ወጥተዋል። አንድ እረኛ፣ አዳኝ ወይም መንገድ መሪ ያ እንስሳ ምን እንደሚባል ለእንግዳው ነግሮታል፤ እንግዳውም የሰማውን በላቲን ፊደል ጽፎታል። የተናገረው ሰው ግን ስሙ በሳይንስ መዝገብ ላይ አልሰፈረም። ከፍራንክፈርት አብሮት የመጣው ረዳቱ ቴዎዶር ኤርከል በስሙ አንድ የደጋ ቆቅ ተሰይሞለታል። የሩፔል የራሱ ስም ደግሞ በቀበሮም፣ በጥንብ አንሳም ላይ ይገኛል። በስሙ የሚጠራው ጥንብ አንሳ በ1973 በአይቮሪ ኮስት ሰማይ ላይ ከ11 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ከወፎች ሁሉ ከፍ ብሎ የበረረ ተብሎ ተመዝግቧል።

ዋቢ ናሙና ማለት ምን ማለት ነው?

የሙዚየሙ ስብስብ እስከ ዛሬ ዋጋ ያለው አሮጌ በመሆኑ ብቻ አይደለም። አንድ እንስሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰየም፣ ስያሜው የሚጸናው በተወሰነ አካል ላይ ነው። ያ ቆዳ፣ የራስ ቅል ወይም በአልኮል የተቀመጠ ገላ ለስሙ ዋቢ ይሆናል። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሁለት ተመሳሳይ እንስሳት አንድ ዓይነት ናቸው ወይስ የተለያዩ የሚል ክርክር ቢነሣ፣ ዳኝነቱ የሚሰጠው ከዚያ ናሙና ጋር ተመሳክሮ ነው። ስለዚህ ዋቢው ከጠፋ ስሙም ይናወጣል።

ፍለጋው ሁልጊዜ ቀላል አይደለም። የጥንት ጸሐፊዎች የትኛው ናሙና ዋቢ እንደሆነ ለይተው አይናገሩም ነበር። ሙዚየሞች ትርፍ የመሰላቸውን እርስ በርስ ይለዋወጡ ነበር፤ በዚህም ምክንያት በአንድ ቀን የተሰበሰቡ እንስሳት በተለያዩ ከተሞች ሊገኙ ይችላሉ። የቆዩ መለያ ወረቀቶችም ይደበዝዛሉ፣ ይለወጣሉም።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የምትሆነው በሐይቅና በረግረግ ዳር በሚበቅል ደንገልና ሣር ላይ የምትኖር ትንሽ እንቁራሪት ናት። ሁለት ፈረንሳውያን ሊቃውንት፣ ዱሜሪል እና ቢብሮን፣ በ1841 በፓሪስ ሲሰይሟት የተገኘችበትን ስፍራ በደፈናው አቢሲኒያ ብለው አለፉት። የየትኛው ሐይቅ፣ የየትኛው ወንዝ እንደሆነች አልተገለጸም። የዚህች እንቁራሪት ዘመዶች በአፍሪካ እጅግ ብዙ ሲሆኑ መልካቸው ከቦታ ቦታ ይለያያል። በአልኮል ውስጥ ደግሞ ቀለሙ ይጠፋል። በመሆኑም የትኛዋ እንቁራሪት የስሙ እውነተኛ ባለቤት ናት የሚለው ጥያቄ ተመራማሪዎችን ለረጅም ጊዜ አነታርኳል። ከዚህ አንጻር ሩፔል ከእያንዳንዱ እንስሳ ጋር የስፍራውን ስም ለማስፈር መጣሩ ምን ያህል እንደጠቀመ ይታያል። ስሜን፣ ደንቢያ፣ ጎጃም የሚሉት ቃላት ለዛሬው ተመራማሪ የመንገድ ምልክት ናቸው።

በሴንከንበርግ ይህን ሥራ በስፋት ከሠሩት አንዱ የእንሽላሊትና የእንቁራሪት አጥኚው ሮበርት ሜርተንስ ነው። በ1922 በሙዚየሙ ያሉትን የተሳቢዎችና የእንቁራሪቶች ዋቢ ናሙናዎች አንድ በአንድ ዘርዝሮ አሳተመ። ከሃያ ዓመታት በኋላ ፍራንክፈርት በቦምብ ስትደበደብ የሙዚየሙ ሕንጻም ተመታ። አብዛኛው ስብስብ ግን አስቀድሞ ከከተማው ወጥቶ ስለነበር ተረፈ።

ካርቱም ያጣችው

ሩፔል ያለፈበት አገር ግን እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠመውም። ኢትዮጵያውያን ለዓመታት ከኖሩበት ከካርቱም የዴም ሰፈር ብዙም ሳይርቅ፣ በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኝ የሱዳን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ውጊያ ሲፈነዳ ሙዚየሙ በጦር ኃይሉ ጠቅላይ መምሪያ አጠገብ በመሆኑ በእሳቱ መካከል ወደቀ። ሠራተኞች ሊደርሱበት አልቻሉም። በውስጡ የነበሩት በሕይወት ያሉ እንስሳት በረሃብና በውኃ ጥም አለቁ፤ በዘመናት የተሰበሰቡት ናሙናዎችም ለጥፋት ተዳረጉ።

ይህ ታሪክ ቀላል ፍርድ አይፈቅድም። የሩፔል ናሙናዎች ፍራንክፈርት ባይሄዱ ኖሮ እስከ ዛሬ ይቆዩ ነበር ብሎ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። በሌላ በኩል ፍራንክፈርትም በጦርነት ነዳለች፤ ናሙናዎቹን ያተረፋቸው የከተማዋ ሰላም ሳይሆን ጊዜ ተገኝቶ መሸሻቸው ነው። ከስሜን ወይም ከኮርዶፋን የተነሣ ተመራማሪ የአገሩን እንስሳ ዋቢ ለማየት ዛሬም ቪዛ መጠየቅና ባሕር መሻገር ግድ ይለዋል።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ሩፔል ወደ አውሮፓ ከተመለሰ በኋላ የኢትዮጵያ ጉዞውን በ1838 እና በ1840 በሁለት ቅጽ አሳተመ። በ1839 የለንደኑ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው፤ ሽልማቱን በማግኘት የመጀመሪያው የውጭ አገር ሰው ነበር። በ1845 የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ወፎችን ዝርዝር አወጣ። ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ ጥንታዊ ሳንቲሞችና ሜዳሊያዎች ጥናት አዞረ። ወደ ኢትዮጵያ አልተመለሰም። ታኅሣሥ 10 ቀን 1884 በተወለደባት ከተማ በ90 ዓመቱ አረፈ።

እሱ ከሰየማቸው እንስሳት አንዳንዶቹ ዛሬ አስጊ ሁኔታ ላይ ናቸው። ቀይ ቀበሮ በመላው ዓለም የቀረው 500 ገደማ ነው። ዋልያም ከጥቂት መቶዎች አይበልጥም። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ ከ1996 እስከ 2017 ድረስ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ቆይቷል።

ዋቢ ናሙና የተፈጠረው ስምን ከመጥፋት ለመጠበቅ ነው፤ እንስሳውን ራሱን ሊጠብቅ አይችልም። ፍራንክፈርት ያለው ቆዳ የዋልያን ስም ለመጪዎቹ ዘመናትም ይይዝ ይሆናል። ስሙን መጀመሪያ የጠሩት ሰዎች ልጆች ደግሞ አሁንም በስሜን ገደሎች ሥር እያረሱ፣ ከብት እያሰማሩ ይኖራሉ። የእንስሳው ዕጣ የሚወሰነው በእነሱ መንደርና በዚያ ገደል መካከል ነው።